እግር የት ይገባል?

የአንድን አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ መመዘን የሚፈልግ ሰው ሻምፓኙን፣ የስክሪኑን ስፋትና በዚፕ የተዘጋችውን የመዋቢያ ቦርሳ ለጊዜው ይተዋቸው። ጎንበስ ብሎ እግር የሚገባበትን ቦታ ይመልከት። ከፊት ካለው ተሳፋሪ ክንድ ሥር ያለች፣ በማስታወቂያ ፎቶ ላይ የማትታይ ጨለማ ሳጥን ናት። ወንበሩን የሠራው ባለሙያ ምን ያህል እንደተጨነቀ፣ ከፋዩ አየር መንገድ ደግሞ የቱ ላይ እንደቆጠበ ሳትዋሽ የምትናገረው እሷ ናት።

ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ረጅም ሰው ተዘርግቶ እንዲተኛ ሁለት ሜትር ገደማ አልጋ ያስፈልገዋል። ዛሬ በሚሠሩ ብዙ ካቢኖች ውስጥ ግን ከአንዱ ረድፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቀሪው የት ገባ? ከፊት ያለው ሰውዬ ቡናውን ካስቀመጠባት ጠረጴዛ ሥር። አንዱ ተደላድሎ በተቀመጠበት ሌላውን ሳያውቀው ከጎኑ ሥር አስገብቶ ማስተኛት፣ የዚህ ሙያ ዋናው ጥበብ ይኸው ነው።

ቢዝነስ ክላስ ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሰፋ ካለ ወንበርና ከተሻለ ምግብ ያለፈ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ከመጡት አንዱ ዘመም የሚለው አልጋ ነው። በወረቀት ላይ አልጋ ነው፤ የተኛበት ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግርጌ ሲንሸራተት ያድራል። ቀጥ ብሎ የሚዘረጋውን አልጋ ወደዚህ ክፍል ያስገባው ብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው፣ በ2000። ንድፉን ያወጣው ታንጀሪን የተባለው የለንደን ድርጅት ሲሆን መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የሰው ልጅ ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ አንዱን ወደ ፊት፣ ጎረቤቱን ወደ ኋላ አዙረህ ብታስቀምጥ የአንዱ ትከሻ ከሌላው እግር ጎን ይውላል፤ ልጆች በአንድ አልጋ ራስና እግር ሆነው እንደሚተኙት ማለት ነው። በዚህ ዘዴ በአንድ ረድፍ ስምንት ሰው ማስተኛት ተቻለ።

ስምንት ሰው ማስተኛት ግን ዋጋ አለው። መስኮት ጋ ያለው ሰው ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ የተኛ ጎረቤቱን እግር መሻገር አለበት። አስተናጋጇ ምግቡን በሁለቱ ተሳፋሪዎች መካከል ባለው መከለያ ላይ አሳልፋ ማቀበል አለባት። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ከማያውቁት ሰው ጋር ፊት ለፊት መፋጠጥ ነው። ስንቱ ሰው የደህንነት መመሪያ ካርዱን በዚያች ደቂቃ ብቻ አንብቦ ይሆናል! ቢሆንም ንድፉ ከመሻሻል ጋር ሃያ ዓመት ገደማ ኖሯል፤ አየር መንገዱ በር ባለው ወንበር መተካት የጀመረው በ2019 ነው።

ሌሎቹ መፍትሔ የፈለጉት ወንበሩን በማግደም ነው። ቨርጂን አትላንቲክ በ2003 ወንበሮቹን እንደ ዓሣ አጥንት አጋድሞ ደረደራቸው። ሁሉም ሰው መተላለፊያ አገኘ፤ ግን ጀርባው ለመስኮቱ፣ እግሩ ለአላፊ አግዳሚው ሆነ። ካቴይ ፓሲፊክ በ2011 ያስገባው ዓይነት ወንበር ይህንኑ ገልብጦ አስተካከለው፦ ትከሻ ወደ መተላለፊያው፣ ዓይን ወደ መስኮቱ፣ እግር ወደ ጥጉ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል። የሚተኛውን ሰው ፊት ከአላፊ አግዳሚ ዓይን ስለሚሰውር ግን፣ በር የሌለው ወንበር በር ያለው ያህል ሰላም ይሰጣል። እኔ ምርጫ ከተሰጠኝ እስከ ዛሬ ይህን አደረጃጀት ከብዙዎቹ ባለ በር ክፍሎች አስበልጣለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ወንበሮቹን አንዱን ወደ መስኮት፣ ቀጣዩን ወደ መተላለፊያ እያፈራረቁ መደርደር ነው። በሰሜን አየርላንድ የሚገኘው ቶምፕሰን ኤሮ የሚባለው ወንበር ሠሪ የታወቀው በዚህ ነው። የእግር ሳጥኗ እውነተኛ ፈተና የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በደንብ የተሠራችውን ስትመለከቱ አፏ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ ስትገባ ቀስ እያለች ትጠብባለች እንጂ በአንዴ አታፍንም። ጣሪያዋ ሁለት እግር ጎን ለጎን ሲቆም ጣት የማይነካው ከፍታ አለው፤ በጎኑ የሚተኛ ሰውም እግሩን ደራርቦ መገልበጥ ይችላል። የውስጥ ግድግዳዋ ለስለስ ያለ ጨርቅ ለብሷል፤ የስፌቱ መስመር ባት ከሚያርፍበት ቦታ ራቅ ብሎ ተሰፍቷል። መጥፎዋ ደግሞ ደረቅ ፕላስቲክ ናት። ቁርጭምጭሚት ይጋጫታል፣ ብሎኗ ካልሲ ትይዛለች። ያየኋት አንዷ ጣሪያዋ ከመውረዱ የተነሳ በጎን ለመዞር መጀመሪያ እግርን ጎትቶ ማውጣት፣ ከዚያ መገልበጥ፣ ከዚያ መልሶ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። በፎቶ ግን ከሁሉ ታምር ነበር።

የኤምሬትስ ኤ380 የላይኛው ፎቅም በዚሁ የማፈራረቅ ስልት ነው የተደረደረው። መካከለኞቹ ጥንድ ወንበሮች በአንዱ ረድፍ ተጠጋግተው፣ በቀጣዩ ተራርቀው ይመጣሉ። ሳያጣሩ የያዙ ባልና ሚስት በሁለት ጠረጴዛ ተለያይተው፣ የማይተዋወቁ ሁለት ነጋዴዎች ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሊያድሩ ይችላሉ። የዚሁ አየር መንገድ ብዙዎቹ 777 አውሮፕላኖች ለዓመታት ሁለት-ሦስት-ሁለት ሆነው በመብረራቸው በቢዝነስ ክላስ ዋጋ መሃል ላይ የተጣበቀ ሰው ነበር። ከኋላ ባር ያለው ኤ380 እና መሃል ወንበር ያለው 777 ትኬታቸው ላይ አንድ ስም ነበራቸው። ሰው አየር መንገድ የሚመርጥ ይመስለዋል፤ መምረጥ ያለበት አውሮፕላኑን ነው።

ከእጅ ሥራ አንጻር ሦስቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ሲንጋፖር አየር መንገድ በ2013 ያስተዋወቀው ወንበር ወደ ኋላ ተዘርግቶ አልጋ አይሆንም። ተሳፋሪው ይነሳል፣ መደገፊያው ወደ ፊት ይገለበጣል፣ ጀርባው አልጋ ይሆናል። ምክንያቱ የሚከበር ነው፦ ለመቀመጥ የሚመች ስፖንጅ ለመተኛት አይመችም፣ ስለዚህ አንዱ ፊት ለመቀመጫ ቆዳ ለብሶ፣ ሌላው ፊት ለመኝታ ተሰናድቶ ተሠራ። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም። ግን የእግር ቦታዋ ጥግ ላይ ስለሆነች ሰውዬው በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ አግድም ይተኛል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ወገብ ላይ አልቆ እግር ላይ ሳይደርስ ቀረ።

ኳታር በ2017 በርሊን ላይ ያሳየው ኪውስዊት ደግሞ የአናጺ ሥራ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዩ ወንበሮች ተቆላልፈው ተደርድረዋል፤ የአንዱ እግር ከሌላው ጠረጴዛ ሥር ቢገባም ሳጥኗ አታፍንም። መሃል ላይ ያሉት አራቱ ግድግዳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አንድ ቤተሰብ ማዕድ የሚቀርብበት ክፍል ይሆናል። እያንዳንዱ ቦታ ተንሸራታች በር አለው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ወደ ኋላ ዞሮ መነሳት የማይመቸው ሰው አለ፤ ትኬት ሲቆርጥ መጠየቅ አለበት።

የጃፓኑ ኤኤንኤ በ2019 ያወጣውን ‘ዘ ሩም’ የተባለውን ወንበር ከነደፉት አንዱ ታዋቂው አርክቴክት ኬንጎ ኩማ ነው። እንጨት በሚመስለው ግድግዳ ላይ ያ እጅ ይታያል። ስፋቱ 97 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ መተኛት ንጉሥነት ነው፤ መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሶፋው ጥልቅ ስለሆነ አጭር ሰው ወይ ጀርባው ይንጠለጠላል ወይ እግሩ። ትራስ ጀርባው ላይ ደርድሮ ይገላገላል።

እነዚህ ባለሙያዎች እንደ ቤት ዕቃ ሠሪ እጃቸው ነጻ እንዳልሆነ መረሳት የለበትም። ወንበሩ ከምድር ስበት 16 እጥፍ በሚሆን ግፊት ተፈትኖ ሳይነቀል መቆየት አለበት። በግጭት ጊዜ ጭንቅላት ሊደርስበት የሚችል ጠርዝ ሁሉ ይለካል፤ በአንዳንዱ ወንበር ቀበቶው ውስጥ ኤርባግ የተሸሸገው ለዚህ ነው። ስፖንጁ እሳት የሚከላከል ልብስ ለብሷል። አውሮፕላኑ ግማሽ በሮቹ ብቻ ተከፍተው በ90 ሰከንድ ባዶ መሆን እንዲችል ስለሚጠየቅ፣ ያ ሁሉ የተወራለት ተንሸራታች በር በመነሻና በማረፊያ ጊዜ ተከፍቶ ይቆለፋል። ስልክዎ ወንበሩ ውስጥ ከገባ ወንበሩን አያንቀሳቅሱ የሚባለውም ቀልድ አይደለም። አልጋውን የሚዘረጉት ሞተሮች ስልኩን ቢጨፈልቁት ባትሪው በሰማይ ላይ ሊነድ ይችላል። ያ ሁሉ ብረት፣ ሞተርና ሕግ ተሸፍኖ ወንበሩ ዝም ብሎ ለስላሳ ሲመስል ነው ሥራው ተሠራ የሚባለው።

ጠረጴዛዋንም ሞክሯት። ጥሩዋ በአንድ እጅ ትወጣለች፣ ሰው ሲጽፍባት አትንቀጠቀጥም፣ ምግብ ሳይነሳ ወደ ፊት ተገፍታ ተሳፋሪውን ታሳልፋለች። ስሙን የማልጠራው አንድ አየር መንገድ ላይ ቢላ ባሳረፍኩ ቁጥር ቡናው ማንኪያው ላይ ይፈስ ነበር።

ወደ እኛው ቤት ስንመጣ ክላውድ ናይን የሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ በኤ350-900 ላይ ሁለት-ሁለት-ሁለት ነው። በውጭ ገምጋሚዎች ዘንድ ይህ ትችት ያመጣበታል፤ መስኮት ጋ ያለው ጎረቤቱን መሻገር አለበትና። ትችቱ ትክክል ነው። በእግር መለኪያ ሲታይ ግን ወንበሮቹ ቀጥ ብለው ስለተደረደሩ እግር ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ጥግ ውስጥ አይወሸቅም።

ሚዛኑን ከባድ የሚያደርገው ሌላ ነገርም አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ፣ ተመላሹ በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። በር፣ ግድግዳና ሞተር ሁሉ ኪሎ ነው። ዶሃ ላይ ቀላል የሆነ ጌጥ ቦሌ ላይ ሂሳብ ይጠየቅበታል።

ይኸው ከፍታ ደስ የሚል ነገርም ይዟል። የ787 እና የኤ350 ካቢን ግፊት በከፍታ ላይ ሲበር ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ከቦሌ ሲነሳ አውሮፕላኑ ሽቅብ ይወጣል፣ ሳንባው ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ ከቤቱ ይልቅ ሰማይ ላይ የበለጠ አየር ያገኛል። አየሩ ደረቅ መሆኑ ግን አይቀርም፤ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ተዳምሮ ጨውና ስኳር በምላስ ላይ ይደበዝዛሉ። የቱርክ አየር መንገድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሼፎቹን ሰማይ ላይ ማሰለፉ ያምራል፤ ለደበዘዘ ምላስ ግን በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም የበዛበት ወጥ የበለጠ ይደርሳል። የክላውድ ናይን ጋሪ እንጀራና ወጥ ይዞ ሲመጣ የባህል ማሳያ ብቻ አይደለም፣ ለካቢን የተፈጠረ ምግብ ነው። እንጀራው እንዳይደርቅ ተጠቅልሎ መምጣቱ ራሱ የሙያ ምልክት ነው። በአንጻሩ በዚያው ምናሌ ላይ የሚቀርበው የተጠበሰ ሥጋ ከየትኛውም አየር መንገድ ሥጋ አይሻልም፤ ፈረንጅ ካልሆናችሁ ለምን ታዛላችሁ?

አየር መንገዱ በ2024 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤ350-1000 አርባ ስድስት የቢዝነስ ወንበሮች አሉት፤ አደራደሩም አንድ-ሁለት-አንድ ስለሆነ ማንም ማንንም አይሻገርም። ለብቻው ለሚጓዝ ነጋዴ ትልቅ ዕድገት ነው። የሚያሳስበኝ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው የላኩላት፣ አራስ ልጇን ለመጠየቅ ዋሽንግተን የምትሄድ እናት ናት። በአሮጌው ወንበር አጠገቧ ያለችው ሴት ቀበቶውን ታስርላት፣ ፎርሙን ትሞላላት ነበር። መስኮት ጋ ያለውን ነጠላ ወንበር ከሰጧት አሥራ ምናምን ሰዓት የምታየው ግድግዳ ነው። ትኬቷን የምትቆርጡ ልጆች መሃል ካሉት ጥንዶች አንዱን ጠይቁላት፤ ወንበሮቹ የሚፈራረቁበት አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ የተጠጋጉት የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆኑ አጣሩ።