ባልና ሚስት፣ አንድ ገንዳ፣ 75 ፔንስ

እ.ኤ.አ. በ1985 በደቡብ እንግሊዝ ኢስትሊ ከተማ ሁለቱም 61 ዓመት የሞላቸው ባልና ሚስት ሊዋኙ ሄዱ። ሚስትየዋ በነፃ ገቡ፤ ባልየው 75 ፔንስ ከፈሉ። ለምን በሉኛ! በነፃ የሚገባው የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ ለሴት 60፣ ለወንድ 65 ነበር።

አድልዎን ለማስረዳት፣ ሁኔታቸው የሚመሳሰል ሰዎችን አወዳድሩ ይላል ሕጉ። እኛ ኢንጂነሮችም በሙከራ አንዱን ቀይረን ሌላውን ቋሚ እናደርጋለን። ቆይ ግን፣ ቋሚ ያደረጋችሁት የጡረታ ዕድሜን ከሆነስ? እሱ ራሱ በጾታ የተቆረጠ ነው፤ አድልዎውን መለኪያው ውስጥ ቀበራችሁት ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አድልዎ አላየም። በ1990 የሎርዶች ምክር ቤት 3 ለ2 ገለበጠው፦ ሰውዬው ሴት ቢሆኑ ኖሮ ይከፍሉ ነበር? አይከፍሉም።

ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ነፍሰ ጡር ጋ ሲደርስ ግን ይቸገራል። ከየትኛው ወንድ ጋር ታወዳድሯታላችሁ? የእንግሊዝ ዳኞች ከታመመ ወንድ ጋር አወዳደሯት፤ በ1994 የአውሮፓ ፍርድ ቤት እርግዝና በሽታ አይደለም አላቸው።