ከዋንጫ ወደ ዝናብ፦ የመርዝ ምስል በ1928ቱ የጄኔቭ ንግግር

በሥነ ቃላችንና በቤተ መንግሥት ወጋችን መርዝ የቅርብ ሰው መሣሪያ ነው። በዋንጫ ይቀርባል፤ የሚያቀርበውም የታመነ እጅ ነው። አሳላፊው ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አለመስጠቱ ከዚህ ሥጋት ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። እንዲህ ያለው መርዝ ባለቤት አለው፤ ከጀርባው ቂመኛ ወይም ሥልጣን ፈላጊ ይቆማል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ይህን ምስል ይለውጠዋል። ንግግሩ አዘውትሮ የሚጠቀሰው በታሪክ ሰነድነቱ ነው፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን ሥነ ጽሑፋዊ አሠራሩን እንመለከታለን።

ስለ መርዙ የሚናገረው ክፍል በሦስት ደረጃ ያድጋል። መጀመሪያ አስለቃሽ ጋዝ ይመጣል፤ ወታደሩ ተበትኖ ነፋስ እስኪጠርገው ይጠብቃል። ቀጥሎ ኢፕሪት የተሞላ በርሜል ይወረወራል፤ በርሜሉ መሬት ላይ ስለሚታይ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በመጨረሻ ከአውሮፕላን የሚረጨው ኢፕሪት በዝናብ ይመሰላል። በየደረጃው የሰው ማምለጫ እየጠበበ ይሄዳል። የተጎጂዎቹም ዝርዝር ከወታደር ተነሥቶ፣ በሴቶች፣ በሕፃናትና በከብት አልፎ፣ ውኃና ግጦሽ ላይ ያበቃል።

ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ገበሬ ዝናብ የሕይወት ተስፋ ነው። ከዚሁ አገር በስተሰሜን፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተዋጋ በኋላ የተመለሰው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በዚሁ መርዝ ተደብድቧል። ኢፕሪት ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። በተረጨ ሣር ላይ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው መመረዙን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ቀማሽ አሳላፊ እዚህ አይፈይድም።

ሆኖም ምስሉ አደጋ አለው። ዝናብ የተፈጥሮ ሥራ ስለሆነ ወንጀለኛውን ሊሰውር ይችላል። ንግግሩ ይህን የሚከላከለው ከዝናቡ በፊት የጣሊያን አዛዦችን የሽንፈት ፍርሃት በማስቀደምና አውሮፕላኖቹን 9፣ 15፣ 18 እያለ በመቁጠር ነው። ቁጥሩ ዝናቡን ሰው ሠራሽ ያደርገዋል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ጥንቃቄ የአነጋገር ጌጥ ብቻ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በክፍሉ የሚጎድለው የአንድ ተጎጂ ስምና ድምፅ ነው። ይህ መፈለግ ያለበት በሙሾና በፉከራ ውስጥ ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ፣ በሀብሩም ገጠሮች፣ ከአባቶቻቸው የሰሙት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ተማሪዎቻችን ይህን ቃል ሊሰበስቡ ይገባል።