«በልቻለሁ» እና «ተርቤአለሁ»፦ በአይልትስ የሰዋስው መልመጃዎች ላይ የቀረበ ሂስ
ለአይልትስ ፈተና በአማርኛ የሚያዘጋጁ መልመጃዎች «በልቻለሁ»ን የእንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ኢትን» አቻ አድርገው ማቅረብ ይቀናቸዋል። አቻነቱ ለጀማሪ ያመቻል፤ የሚፈርሰው የጊዜ ተውሳከ ግስ ሲገባ ነው። አማርኛ «ትናንት በልቻለሁ» ማለትን አይከለክልም፤ እንግሊዝኛ ግን ከ«የስተርዴይ» ጋር «አይ ኤት»ን ይጠይቃል።

የባሰው ችግር የሁኔታ ግሶች ላይ ይታያል። «ተርቤአለሁ»፣ «ደክሞኛል»፣ «ተቀምጧል» እንደ «በልቻለሁ» ሁሉ በቦዝ አንቀጽና በ«አለ» የተዋቀሩ ናቸው። የሚገልጹት ግን አሁን ያለ ሁኔታን ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ» ይላል። «ሂ ሃዝ ሳት» ብሎ የሚጽፍ ተፈታኝ የተሰጠውን ደንብ በትክክል ተከትሏል። በጽሑፍም ሆነ በንግግር ፈተና የሰዋስው መመዘኛ የውጤቱ አንድ አራተኛ በመሆኑ፣ ኪሳራው የእሱ ነው።

የቃላት ዝርዝሮቹም ብዙ አይሻሉም፤ «ሠራ» ከ«ስህተት» ጋር «ሜክ»፣ ከ«የቤት ሥራ» ጋር «ዱ» መሆኑ በነጠላ አቻ አይያዝም።

መልመጃዎቹ አሉታን ከመጀመሪያው ቢያስገቡ ኖሮ የአቻነቱ ድክመት ቀድሞ በታየ ነበር፦ የ«በላሁ»ም የ«በልቻለሁ»ም አሉታ ያው «አልበላሁም» ነው፤ እንግሊዝኛ ግን እዚያም ሁለቱን ቅርጾች ይለያል።