ጥሩ የፊደል ሥራ በምን ይታወቃል?

የፊደል ሥራ መመዘን የሚፈልግ የደሴ ሰው የከተማዋ ስም ከተጻፈበት ታፔላ ቢጀምር ይበቃዋል። «ሴ» ከ«ሲ» የምትለየው በቀኝ እግሯ ግርጌ ባለች ትንሽ ቀለበት ነው። ጻፊው ጎልቶ ይታይ ብሎ ሲያወፍረው የቀለበቷ ቀዳዳ ከተደፈነ፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው «ደሲ» ብሎ ያነባል። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው እዚያው ላይ ወድቋል። ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስም ፈተና አለ። «ኮ» እና «ቦ» ሁለቱም ሳብዕ ናቸው፤ ግራ እግራቸው ይረዝማል፣ ቀኙ ያጥራል። አንዱን በግማሽ ያሳጠረ፣ ሌላውን ጫፉን ብቻ የቆረጠ ጻፊ ቃሉን ሁለት ሰው የጻፈው ያስመስለዋል። እግሮቹን እኩል ካደረጋቸው ደግሞ ከተማዋ «ከምበልቻ» ሆና ቀረች።

የፊደላችን ድምፅ ያለው በእነዚህ ትንንሽ ምልክቶች ላይ ነው። የጻፊው ነጻነት በቀረው አካል ላይ ነው፤ እግር ማወፈር፣ ትከሻ ማጉበጥ፣ ጫፍ ማሾል፣ በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ ወይም ማስፋት ይችላል። ቀለበቱና ጭረቱ ግን ሊጎሉ እንጂ ሊደበቁ አይገባም። የማደንቃቸው ሥራዎች ጌጣቸውን ከውጭ አያመጡም፤ ከምልክቱ ከራሱ ያወጡታል። የኃምሱን ቀለበት አስፍተው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያደርጉታል።

አዲስ ሥራ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ሳድሱን ነው። ካዕብና ሣልስ ከሞላ ጎደል ሕግ አላቸው፤ ጭረቱ አንዱ ላይ ከወገብ፣ ሌላው ላይ ከእግር ይወጣል። ሳድስ ግን አንድ ሕግ የለውም። «ብ» በግራ ጎኗ ጭረት ታወጣለች፤ «ን» ደግሞ መላ ቅርጿ ይሰበራል። አማርኛ በሳድስ የተሞላ ነውና፣ ለግዕዙ ተጨንቆ ሳድሱን ከኮምፒውተር የገለበጠ ሰው በመጀመሪያው መስመር ይታወቃል።

ለመለኪያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ወንጌል ያስጻፉበት ገዳም ነው። በብራና ጽሕፈት የመቃው ብዕር ቁም እግሩን ያወፍራል፣ አግድሙን ያቀጥናል። የፊደሉ ግርማ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ዛሬ በብዙ ባነር ቤቶች ፊደሉ ቦታውን እንዲሞላ ወደ ላይ ይለጠጣል፤ አግድሙ ይወፍራል፣ ቁሙ ባለበት ይቀራል፣ የብዕሩ ሥርዓት ይገለበጣል። መለጠጥ ፊደል መንደፍ አይደለም።

ወሎ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። የወሎ ዑለማ አማርኛን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀሚ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ዛሬም ሁለቱ ፊደላት አንድ ታፔላ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዳንድ ነዳፊዎች ለማስማማት ብለው የእኛን ፊደል እንደ ዐረብኛው እጅ ለእጅ ያያይዙታል። የእኛ ፊደል ግን ለየብቻ የሚቆም ነው፤ ሲያያዝ ጭረቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ሁለቱን ማስማማት የሚቻለው በውፍረትና በክፍተት ነው።

ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን እስከማይነበብ ድረስ ሰባብሮ ሥዕል አድርጎታል፣ ያምራልም። ሥዕል የመነበብ ዕዳ የለበትም፤ የክሊኒክ ታፔላ አለበት። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ሥራው ለምን እንደተሠራ እንጠይቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ትችቱ ነው። የአገራችን ሰው ሌላውን የማስቀየም ልማድ የለውም፤ ለጓደኛው ሥራ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ይህ ደግነት ነው፤ ለፊደሉ ግን አይረዳውም። የጥንት ጸሐፊዎች በዚህ ይሻሉ ነበር፤ በብራና መጻሕፍት ላይ ተፍቀው እንደገና የተጻፉ ቃላት፣ ከመስመር በላይ የተጨመሩ ፊደላት ይገኛሉ። ሌላ ዓይን አይቶ ያረመው ጽሑፍ አላሳፈራቸውም። ጠቃሚ ትችት ጭረት ይጠቁማል፦ «ይህ አላማረኝም» ከማለት «የ‹ቻ› እግር ስላልታጠፈ ‹ቸ› ብዬ አነበብኩት» ማለት ይበልጣል። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ማታውኑ ያስተካክላል።

እናንተ ወጣት ነዳፊዎች፣ ሥራችሁን ስታሳዩ ቃሉን ቀድማችሁ አትንገሩ፤ «አማረህ?» ብላችሁም አትጠይቁ። አንድ ሰው ከመንገድ ማዶ አቁሙና «ምን ይላል?» በሉት። ከተሳሳተ አትከራከሩት፤ የትኛው ጭረት እንዳሳሳተው ጠይቁትና ጭረቱን አርሙ።