ፊትና ኋላ ሲስማሙ

አሮጌ መኪና አምጥቶ «ፍሬኑን ጠበቅ አድርግልኝ» የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ማጥበቁ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው ፊትና ኋላን ማመጣጠኑ ነው።

የፊት ጎማ ከተቆለፈ መሪ አይታዘዝም፤ የኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ጭራው ይዞራል። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ፊቱን ያለ ፍሬን መተው መርጠው ነበር። የፎርድ ሞዴል ቲ የእግር ፍሬን ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ኦስቲን ሰባት በአራቱም ጎማ ፍሬን ነበረው፤ ሆኖም ፔዳሉ ለኋላ፣ የእጅ ማንሻው ለፊት ነበር። እስኪጣመሩ ድረስ፣ እስከ 1930፣ ሚዛኑን የሚጠብቀው ሾፌሩ ነበር።

ችግሩ ክብደት አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። ሞዴል ኤ ፎርድን 1,000 ኪሎ እንበለው፤ በፊትና በኋላ አክስሉ መካከል 263 ሳንቲሜትር አለ። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 65 ሳንቲሜትር ቢሆንና በስበት ግማሽ ያህል ኃይል ቢያዝ፣ 120 ኪሎ ገደማ ከኋላ ወደ ፊት ይተላለፋል። ጭቃ ላይ ግን ጎማው ያን ያህል ስለማይቆነጥጥ የሚተላለፈው ያንሳል። ስለዚህ ለደረቅ አስፋልት የተስማማ ሚዛን በጭቃ ፊቱን ያስቆልፋል።

ሞዴል ኤን ሳስተካክል አራቱንም ጎማ ከመሬት አነሳለሁ። ፔዳሉን በእንጨት ደግፌ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያደረግሁ ጎማዎቹን በእጄ አዞራለሁ። መጀመሪያ የኋላዎቹ ሸራዎች ታምቡሩን መላስ አለባቸው፤ ጥቂት ጨመር ሲደረግ የፊቶቹ ይከተላሉ። ከሁሉም በፊት ግን ግራና ቀኙ እኩል መክበድ አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ መኪናው ወደዚያው ይጎትታል። ልዩነቱን የማስተካክለው ሸራውን በሚከፍተው ሽብልቅ ቡሎን ነው። ዘንጉን አሳጥሮ ፔዳሉን ማሳጠር ያለቀ ቡሽና የተበላ ፒን መደበቅ ነው፤ ከባድ አያያዝ ሲመጣ ጉዱ ይወጣል።

ቀጥሎ ሰው በሌለበት ደረቅ ጠጠር ላይ በዝግታ ነድቼ እይዛለሁ፤ የአራቱንም ጎማ አሻራ ወርጄ አያለሁ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ መካኒካችሁን ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ ብቻ አትጠይቁት። የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚይዝ ያሳያችሁ።