ብሌንና ቃል
በአካል ክፍል ልገሳ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ሙያዊ ስያሜ ሲመዘን አጭርነቱ፣ ከቋንቋው ጠባይ ጋር መስማማቱና ለእርባታ መመቸቱ ይታያል። የአካል ክፍል ልገሳን በሚመለከቱ ስያሜዎች ላይ ግን አንድ ተጨማሪ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ስያሜውን ሰምቶ የሚፈርመው ሰው ምን እንደሚሰጥና እስከ ምን ድረስ እንደሚታሰር ከስያሜው መረዳት መቻሉ ነው። በዚህ መመዘኛ ሲታዩ፣ በሥራ ላይ ካሉት ሦስት ስያሜዎች አንዱ የተሳካ፣ ሁለቱ ግን መታረም የሚገባቸው ሆነው ይገኛሉ።

የተሳካው «ንቅለ ተከላ» ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተከናወነ ወዲህ፣ ቃሉ ከሐኪሞች አልፎ በሕዝብ አፍ ገብቷል። «ነቀለ» የሚለው ግስ ከሥር መገንጠልን ስለሚያሰማ ይከብዳል ሊባል ይችላል። ዳሩ ግን ምስሉ የተወሰደው ከአትክልት ሥራ ነው፤ የእብናት ገበሬ የጎመን ወይም የጌሾ ችግኝ ከመደቡ ነቅሎ ወደ ጓሮው ሲያዛውር፣ የሚነቅለው ሊያጸድቅ እንጂ ሊያጠፋ አይደለም። ከዚህም በላይ ስያሜው ሌሎች ቃላትን ይስባል። የተተከለው ኩላሊት ሥራውን ሲጀምር «ጸደቀ»፣ ሰውነት ሳይቀበለው ሲቀር «ሳይጸድቅ ቀረ» ቢባል፣ ባዕድ ቃል መበደር ሳያስፈልግ ሰሚው ይረዳዋል።

ሁለተኛው «የዓይን ብሌን ልገሳ» ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ሐረጉ በጥሪ ወረቀትም በዜናም ጸንቷል። ለሕክምናው የሚፈለገው ግን ኮርኒያ ነው፤ ይህም የዓይንን ፊት የሚሸፍን፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ የደም ሥር የሌለውና ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ አካል ነው። ብሌን በአንጻሩ፣ በግዕዝ «ብንተ ዐይን» የሚባለው፣ ከኮርኒያው በስተጀርባ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ደግሞ አይለገስም።

ስሕተቱ በሥነ አካል ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በልማድ አነጋገር ብሌን ዓይኑን በሙሉ ወደ ማለት ይሰፋል፤ እናትም ልጇን «የዓይኔ ብሌን» ስትል እጅግ የምትሳሳለትን ማለቷ ነው። እንግዲህ «ብሌንህን ለግስ» የተባለ ሰው ምን ተጠየቅሁ ብሎ ያስብ? በሕክምናው ዓለም ሁለት አሠራሮች አሉ፤ ኮርኒያውን ብቻ ቆርጦ ማንሳት አንዱ ሲሆን፣ ዓይኑን አውጥቶ ኮርኒያውን ኋላ መለየት ሌላው ነው። የሚፈርም ሰው የትኛው እንደሚፈጸም ሊነገረው ይገባል። «ብሌን» የሚለው ቃል ግን ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ለደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 11.5 በመቶው በትራኮማ የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ መሆኑን አሳይቷል፤ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎችም አንዱ ይኸው ነው። የዓይን ቆቡ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቱ ዓይኑን የፋቀበት የእብናት ሰው፣ ጠባሳው ያረፈው በኮርኒያው ላይ እንጂ በብሌኑ ላይ አይደለም። ሐኪሙ ለዚህ ሰው ንቅለ ተከላ ይጠቅመው እንደሆነ፣ አስቀድሞም ቆቡ መታረም እንዳለበት ሲያስረዳው፣ ጉዳቱን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ይኖርበታል።

ሦስተኛው «ቃል ገባ» ነው። በአገራችን የተሰጠ ቃል አይታጠፍም፤ ያጠፈም ሰው ይነወራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 19 የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሰው አካሉን በሙሉ ወይም በከፊል ለመስጠት ያደረገውን ውሳኔ፣ በሕይወቱ ሳለ የሚፈጸምም ሆነ ከሞቱ በኋላ፣ በማናቸውም ጊዜ መሻር ይችላል። ሕጉ ክፍት የተወውን በር ስያሜው ይዘጋዋል። ጉዳቱ የሚብሰው በሕይወት ሳለ ኩላሊቱን ለዘመዱ ሊሰጥ በተነሣ ሰው ላይ ነው። «ቃል ገብቷል» ከተባለ፣ ፍርሃት ቢይዘው ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ፣ በቤተ ዘመድ ፊት ከሐዲ ሆኖ ይታያል። «ፈቃድ ሰጠ» ቢባል ግን መመለሻው ከቃሉ ጋር አብሮ አለ፤ ፈቃድ ይሰጣል፣ ፈቃድም ይነሣል።

ሃያ ዓመት የተለመደ ስያሜ እንዴት ይለወጣል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «ብሌን» ልብ የሚነካ ቃል በመሆኑም ለጋሾችን ያሳሳል ይባል ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ልማድን አይንቅም፤ ለሕዝብ በሚተላለፍ ጥሪ ውስጥ ሐረጉ ቢቆይ ብዙ አይቃወምም። ይሁን እንጂ ልብን ለመንካት የተመረጠ ቃል ለፊርማ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ በፈቃድ ወረቀት፣ በሕግ ጽሑፍና በትርጉም ሥራ «ንቅለ ተከላ» እንዳለ ይጽና፤ በ«ብሌን» ምትክ «ኮርኒያ» ተጽፎ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን» የሚል መፍቻ ይከተለው፤ በ«ቃል ገባ» ምትክም «ፈቃድ ሰጠ» ይግባና፣ «ፈቃዱን አነሣ» የሚለው በዚያው ገጽ ላይ በእኩል ፊደል ይጻፍ።