በባሕርና በእርሻ መካከል የቆመ ካብ

ከስኮትላንድ ዋና ምድር በላይ፣ ከኦርክኒ ደሴቶች ሁሉ ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው ሰሜን ሮናልድሴይ ጭጋግ ከወረደ ትንሿ አውሮፕላን አትመጣም። መንገደኛው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔም ያን ጊዜ አንድ በግ አርቢ ተከትዬ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድሁ። የሄድሁት በጎቹን ለማየት ነበር፤ ዓይኔን የያዘው ግን ካቡ ነው።

21 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጠማዘዘ ደሴቲቱን ይዞራል፤ ጭቃም ሲሚንቶም አልነካውም። እ.ኤ.አ. በ1832 ሲካብ የታሰበው በጎቹን ከእርሻው አስወጥቶ ባሕር ዳር ለማስቀረት ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎቹ የሚኖሩት በባሕር አረም ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ወርደው ይግጣሉ፣ ሲመለስ ወጥተው ያመሰኳሉ። ከአረሙ የሚያገኙት መዳብ ጥቂት ስለሆነ ሰውነታቸው ያገኘውን አጥብቆ መያዝ ለምዷል። ስለዚህ ካቡ ፈርሶ ሣር ላይ ቢሰነብቱ መዳቡ ይመርዛቸዋል።

አንድ ክንድ የምታህል ቦታ መርጬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ድንጋዮች የተገናኙበት ስንጥቅ ላይ ሦስተኛው ተጋድሞ ዘግቶታል፤ እሱ ከጎረቤቱ ጋር የፈጠረውን ስንጥቅ ደግሞ የላይኛው ይሸፍነዋል። ከላይ እስከ ታች በጣት ልከተለው የምችለው መስመር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ባልተስተካከለበት ጥግ አውራ ጣት የምታክል ስባሪ ተወትፋለች። በእጄ ልነቀንቃት ሞከርሁ፤ ንቅንቅ አላለችም፤ የላዩ ክብደት ሁሉ እሷ ላይ አርፏል። በየድንጋዩ መካከል የቀረው ቀዳዳ ነፋሱን ያሳልፋል፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ነፋስ ግድግዳውን በደረቱ ይገፋው ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራው ሰው ስሙን የትም አልጻፈም፤ እኔ ግን ከብዙ ሐውልት አስበልጬ አየዋለሁ።

ማዕበል በየክረምቱ አንዳንዱን ቦታ ይንደዋል። የነዋሪው ቁጥር መቶ ስለማይሞላ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በበጋ እየመጡ ይጠግናሉ። አርቢው የወደቀውን ድንጋይ በየመጠኑ ለይቶ ሣሩ ላይ አሰልፎ አየሁት። የመሠረቱን ረድፍ ራሱ ነው የሚያስቀምጠው፤ እንግዶቹ ከጉልበት በላይ ያለውን ይክባሉ።